ደረት ላይ ያለ ስድብ፦ ለባሿ የማታውቀው፣ እኛ የምናነበው

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ከሳምንት በላይ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ከተማሪዎቼ የአንዱ እናት ዘግየት ብለው ገቡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ከሥር የለበሱት ሮዝ ቲሸርት ንጹሕ ነው፣ ተተኩሷል። ለስብሰባው ብለው መርጠው እንደለበሱት ያስታውቃል። ደረቱ ላይ በሚያብረቀርቅ ፊደል የተጻፈውን ግን እዚህ አልደግመውም። ተራ ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የቀረበ የወሲብ ግብዣ ነው። ሽፍንፍን የለውም።

ወላጆቻቸውን አጅበው የመጡ ሁለት ልጆች አነበቡትና ተጠቃቅሰው ሳቁ። የሴትዮዋ ልጅም አጠገባቸው ተቀምጧል። እንግሊዝኛ ላይ ከክፍሉ ጎበዞች አንዱ ነው፤ ቀድሞ አንብቦት ይሁን ያን ቀን ገና አይቶት አላውቅም፣ ብቻ አንገቱን ደፋ። እናቱ ስለ ልጃቸው ውጤት ሲጠይቁኝ እኔም ዓይናቸውን እንጂ ሌላ ቦታ ላለማየት እየተጠነቀቅኩ መለስኩላቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ምንም አልነገርኳቸውም። ያ ነው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ።

ሌላው ደግሞ እያወቁ የሚለብሱት ናቸው። ታክሲ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ወጣት ደረት ላይ የእናት ስድብ ካነበብኩ እስከ መገናኛ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ። እንደ እኔ ከሆነ፣ ልብስ ላይ የተጻፈ ቃል ከአፍ ከወጣ ቃል አይለይም። እንዲያውም ይብሳል፤ አፍ ተናግሮ ይዘጋል፣ ቲሸርት ግን ቀኑን ሙሉ ይናገራል።

እናትየዋን ልንገራቸው? እንዴት? እያወቁ ስለሚለብሱትስ ምን ትላላችሁ?

---

የቀበና ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:31

ንገሪያቸው እንጂ! ቀሚሳቸው ከኋላ ተተርትሮ ብታዪ ዝም ትያለሽ? ጠጋ ብለሽ በጆሯቸው ትነግሪያቸው ነበር። ይሄም ያው ነው። ብቻ ልጁ ፊት አይሁን።

---

ሐቀኛ አስተያየት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:48

እኔ ነገሩ በምክር የሚያልቅ አይመስለኝም። ከተማው ውስጥ ለሁሉም ነገር ደንብ አስከባሪ አለ፤ መንገድ ላይ ቲማቲም የዘረጋችን እናት የሚያባርር ደንብ አስከባሪ ብልግና ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚሄደውን ለምን አያስወልቅም? ለሁለት ሳምንት አጥብቀው ቢይዙ ሰው ሁሉ ልብሱን አይቶ ይወጣል። ባህላችንን ማስከበር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

---

ሰልባጅ ተራ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:20

መምህርት፣ ያቺን ሮዝ ቲሸርት እኔ ሳልሸጣት አልቀርም። የእውነቴን ነው የምልሽ። እኔ ባልሸጣትም ጎረቤቴ ሸጧታል።

አሥራ አራት ዓመት ሰልባጅ ሸጫለሁ። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት እንደተከለከለ አውቃለሁ፤ ስለ እሱ ልከራከር አልመጣሁም። እንዴት እንደምንሸጥ ግን ልንገራችሁ። ቦንዳው ሲፈታ ውስጡ ምን እንዳለ የገዛው ሰውዬም አያውቅም። ተከምሮ እንለያለን፦ የወንድ፣ የሴት፣ የሕፃን፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ያልለቀቀ፤ አንገቱ የላላ፣ ያልላላ። እድፍ እናያለን፣ ቀዳዳ በፀሐይ አንጻር ይዘን እንፈልጋለን። ጽሑፍ የሚያነብ የለም። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉን እለያለሁ፣ ትርጉሙ ግን አይገባኝም። ለደንበኛም ጽሑፍ ያለበት ልብስ ይስበዋል። ባዶውን «የሥራ ልብስ» ይሉታል። የሚያብረቀርቅ ፊደል ካለበት «ይሄ የውጭ ነው» ብለው ዋጋ ይጨምራሉ።

አንድ ጊዜ ለራሴ ልጅ፣ ለሰባት ዓመቷ፣ ድመት የተሳለበት ቲሸርት ወሰድኩላት። ድመቷ ታምራለች። ከሥሯ ሦስት ቃል ተጽፏል። ልጄ ለብሳው ልደት ሄደች። የልደቱ ባለቤት አባት ውጭ የኖረ ሰው ነው። በስንት ትሕትና ወደ ጎን ወስዶ «ወንድሜ፣ ይሄን ልብስ ልጅህ ባትለብሰው ጥሩ ነው» አለኝ። ትርጉሙን ሲነግረኝ እግሬ ከዳኝ። ልጄን በጃኬቴ ጠቅልዬ ተሸክሜ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። እሷ ደግሞ «ድመቷን ለምን ሸፈንካት?» እያለች ታለቅሳለች።

ከዚያ በኋላ የጠረጠርኩትን ጽሑፍ ለጎረቤት ተማሪ እያሳየሁ ነበር። አሁን ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ስለዚህ ሐቀኛ አስተያየት የምትለው ደንብ አስከባሪ መጥቶ ቢያስወልቅ የሚያስወልቀው ማንን ነው? ሳያውቅ የለበሰውን ነው። የሚያውቀው እኮ ሲያያቸው ዚፑን ይዘጋል።

---

ሐቀኛ አስተያየት | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:41

ወንድሜ፣ የልጅህ ነገር ልቤን ነክቶታል። ሳያውቅ የለበሰን ሰው ይቀጣ ማለቴ አልነበረም። እያወቀ የሚለብሰው ላይ ግን ከአቋሜ አልነቃነቅም።

---

ባለ ጥቁሩ ቲሸርት | እሑድ፣ ከምሽቱ 4:15

እያወቁ ከሚለብሱት አንዱ እኔ ነኝ። ልንገራችሁ።

ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሥራ የለኝም። ፀጉሬ ድሬድ ነው። ከቤት ስወጣ የሰፈሩ ሰው እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሸኘኛል፦ «ሥራ ገባህ?»፣ «ይሄን ፀጉር መቼ ነው የምትቆረጠው?»፣ «የእነ እገሌ ልጅ እኮ ካናዳ ገባ።» በክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን በቀን አሥር ጊዜ ሲሆን በጥፊ የመመታት ያህል ነው። አንድ ቀን ጥቁር ቲሸርት ገዛሁና ማተሚያ ቤት ወስጄ በነጭ፣ በትልቁ «ምን አገባህ» አስጻፍኩበት። ሁሉም እንዲያነበው ስለፈለግኩ በአማርኛ። እንግሊዝኛ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር።

እና ሠራልኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሰው አይቶኝ ያልፋል። ልቤ አረፈ።

ከዚያ አንድ ቀን ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዤ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዞር ብለው ደረቴን በቀስታ አነበቡት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እኔ ምን አደረግኩህ?» አሉኝ። አልተቆጡም። የምር ነው የጠየቁኝ። «ለእርስዎ አይደለም አባባ» አልኳቸው። «ታዲያ ለማን ነው? እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ። ታክሲው ውስጥ ጸጥ አለ። መውረጃዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

ቲሸርቱ አሁንም አለ። አልጣልኩትም። ምክንያቱም ጥያቄዬ አልተመለሰም። እኔ የጻፍኩት መልስ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰፈሩ ነው። መምህርት፣ ቲሸርት ቀኑን ሙሉ ይናገራል ብለሻል። ሰፈርም ቀኑን ሙሉ ይናገራል እኮ።

---

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት | እሑድ፣ ከምሽቱ 4:29

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። የሰፈሩን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ ደግሜ አነበዋለሁ።

---

ሆሄ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:50

ባለ ጥቁሩ ቲሸርት፣ የጻፍከውን ሌሊት አንብቤ እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያቺን አንዲት ፊደል ልብ በሏት፤ «ህ»ን።

በእንግሊዝኛ ስድብ ልብስ ላይ ሲጻፍ የሚሰደበው ሰው መልክ የለውም። የእነሱ «አንተ» ለሕፃንም ለንጉሥም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም ያው አንድ ቃል ነው። አማርኛ ግን ሰውየውን ሳይመርጥ መናገር አይችልም። «ምን አገባህ» ብሎ የጻፈ ሰው ፊት ለፊቴ የቆመው ወንድ ነው፣ አንድ ነው፣ አንተ የምለው ነው ብሎ ወስኗል። ሽማግሌው ሲያነቡት ሁለት ጊዜ ነው የተመቱት፤ አንዴ በነገሩ፣ አንዴ ደግሞ በልጅ ልጃቸው ዕድሜ ያለ ልጅ «አንተ» ስላላቸው። «እኔ ምን አደረግኩህ?» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ጽሑፉ በቀጥታ ጠርቷቸዋል፤ ሰው ሲጠራ አቤት ይላል።

የታክሲ ጥቅሶቻችንን አስታውሱ። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ያላነበበ የአዲስ አበባ ሰው የለም። እንዴት መራራ ቃል ነው! ግን ማንንም አንተ አላለም። የተከፋ ሁሉ የራሱ ያደርገዋል፣ ያልተከፋው ፈገግ ብሎ ያልፋል። ስንት ዓመት ስንሳፈር ኖረን «ይሄ ጥቅስ ሰደበኝ» ብሎ የወረደ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ የጨዋነት ጥያቄው ቃሉ ሻካራ ነው ለስላሳ ነው የሚለው ብቻ አይደለም። ልብሱ ማንን ይጠራል? የሚለው ነው። እኔ ብሆን ደረቴ ላይ «ሲሳካልኝ እነግራችኋለሁ» ብዬ አስጽፍ ነበር።

---

ባለ ጥቁሩ ቲሸርት | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:22

ሆሄ፣ ስለ «ህ» ያልከው እውነት ነው፤ አንብቤው ደነገጥኩ። ግን «ሲሳካልኝ እነግራችኋለሁ» አልለብስም። እሱ ይለምናል። እኔ የፈለግኩት መለመን አልነበረም።

---

የሁለት ልጆች አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኞ፣ ከቀኑ 9:05

እዚህ አሜሪካ ይሄ ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ ታሪኩን ብታውቁት ለውይይቱ ይጠቅማል ብዬ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1968 ፖል ሮበርት ኮኸን የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ሎስ አንጀለስ በሚገኝ የፍርድ ቤት ኮሪደር ውስጥ ጃኬት ለብሶ ይሄዳል። ጊዜው የቬትናም ጦርነት ነው። ጃኬቱ ላይ የግዳጅ ምልመላውን በዚያ ሁላችሁም በምታውቁት ባለ አራት ፊደል የእንግሊዝኛ ስድብ ሰድቦ ጽፎበታል። ኮሪደሩ ላይ ሴቶችም ሕፃናትም ነበሩ። ማንንም አላስፈራራም፣ አልጮኸም። ተያዘ፣ 30 ቀን እስር ተፈረደበት። ጉዳዩ እየተንከባለለ በ1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በአምስት ለአራት ድምፅ ኮኸን አሸነፈ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሃርላን ከሐሳባቸው አንዱ፣ ያልተስማማው ሰው ዓይኑን መመለስ ይችላል የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ መንግሥት የትኛው ቃል ንጹሕ፣ የትኛው ቆሻሻ እንደሆነ መምረጥ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም የሚል ነው።

እኔን ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚገርመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ኮኸን ከኮሪደሩ ወደ ችሎቱ ሲገባ ጃኬቱን አውልቆ፣ አጥፎ ክንዱ ላይ ያዘው። ማንም አላዘዘውም። መንግሥትን እየተሳደበ ያለ ልጅ እንኳ ችሎት ፊት ማውለቅ እንዳለበት ራሱ አወቀ።

ሕጉም ቢሆን ለሁሉ ቦታ አንድ አይደለም። በ1986 እዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤት ውስጥ ጸያፍ ንግግር ያደረገን ተማሪ ትምህርት ቤቱ ሊቀጣ ይችላል ብሎ ወሰነ። ሲያብራራም ተማሪ ተቃውሞውን በጥቁር የክንድ ጨርቅ የመግለጽ መብት አለው፣ የኮኸንን ጃኬት ግን ክፍል ውስጥ የመልበስ መብት የለውም የሚለውን አባባል ጠቀሰ። ልዩነቱ ለኔ በደንብ ይገባኛል። መንገዱ የሁሉም ነው፣ መማሪያ ክፍሉ የልጆች ነው።

ትልቁ ልጄ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ስድብ የተጻፈበት ሹራብ ገዝቶ መጣ። «እዚህ መብቱ ነው» ብዬ ዝም ልል ነበር። ከዚያ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን እንዳለች አሰብኩ። እንግሊዝኛ አታነብም። እሱም ያንን ስለሚያውቅ አያቱ ፊት ለብሶት እቅፏ ውስጥ ገብቶ ይስማታል። ያኔ ነው የከፋኝ። ብታነበው አያደርገውም ነበር፤ አለማወቋን ነው የተጠቀመበት። ይሄን ስነግረው ብዙ አልተከራከረኝም። ሹራቡን አልወረወረውም፣ ግን ቤት ውስጥ አይለብሰውም።

---

ውቃቢ ጠበቃ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:12

ስለ እኛ ሕግ በአጭሩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል፤ እዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ሊገድበው እንደሚችል ተቀምጧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አንቀጽ 640 ላይ ጸያፍ ነገሮችን ማሰራጨትን ይከለክላል። ነገር ግን ወንጀል የሚባለው በአብዛኛው ሐሳብ ሲኖር ነው። ትርጉሙን የማያውቁ እናት ወንጀለኛ ሊባሉ አይችሉም። በግሌ ይሄን ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ የሚወስድ ሰው ከልብሱ የባሰ ጉዳት የሚያደርስ ይመስለኛል።

---

ስደተኛዋ፣ ሪያድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:37

እኔ ያለሁበት አገር ክርክር የለም። ሳዑዲ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአደባባይ ጨዋነት ደንብ አላት፤ ጸያፍ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ያለበትን ልብስ አደባባይ ላይ መልበስ ያስቀጣል። እኔ ከአባያዬ ሥር የምለብሰውን ማንም ስለማያይ ለራሴ አልሰጋም። የምሰጋው ለአገር ቤት ለምልከው ነው።

በወር አንዴ ዕረፍት ሳገኝ ባትሃ ገበያ ሄጄ ለእህቶቼና ለልጆቻቸው እገዛለሁ። በካርጎ የሚሄድ አንድ ማዳበሪያ ለመሙላት ሦስት አራት ወር ይፈጅብኛል። እንግሊዝኛ አላነብም። አንድ ጊዜ እህቴ ፎቶ ላከችልኝ፤ አምስቱም ልጆች እኔ የላክኩትን ለብሰው ለፋሲካ ተሰልፈዋል። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ፎቶውን ለማየት ስልኩን ተቀበለችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። አንዱን ልጅ በጣቷ አሳየችኝ። የበዓል ልብሱ ነው እኮ! ያቺን ፎቶ እስከ ዛሬ ሳያት ደስታዬ ሙሉ አይደለም።

አሁን የምገዛው አበባ፣ መስመር፣ ኳስ ያለበትን ብቻ ነው። ፊደል ካለበት አልነካውም። መምህርት፣ ለእናትየዋ ንገሪያቸው። እኔን ማንም ሳይነግረኝ ስንት ዓመት ልኬያለሁ።

---

ኢስሊ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:00

ከናይሮቢ ነኝ። እዚህ ሰልባጅን ሚቱምባ ይሉታል፤ ቃሉ ራሱ «ቦንዳዎች» ማለት ነው። ጊኮምባ ገበያ ሄዳችሁ ብታዩ ሰልባጅ ተራ የጻፈው ሁሉ እዚያም አለ። ልዩነቱ ኬንያውያን እንግሊዝኛውን ያነቡታል፤ ሻጩ ራሱ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚሸጠው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ካንጋ ነው። የባሕር ዳርቻዎቹ ሴቶች የሚያሸርጡት ባለ ጠርዝ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ከታች በኩል በስዋሂሊ አንድ ዐረፍተ ነገር ታትሞበታል። ፍቅር ይሆናል፣ ጸሎት ይሆናል፣ ምርቃት ይሆናል፣ ለጎረቤት ወይም ለጣውንት የተላከ ነገርም ይሆናል። በአፏ ብትናገረው ጠብ የሚሆነውን ካንጋዋን አሸርጣ በደጃፍ ታልፋለች። የተላከባት ታውቃለች፤ ሌላው ሰው ጨርቅ ነው የሚያየው። ሞምባሳ አንዲት እናት ቤት ተከራይቼ ስኖር ሳጥን ሙሉ ነበራቸው፣ እያንዳንዱን መቼና ለማን እንደለበሱት ያውቃሉ። ሰርግ ቤትና ለቅሶ ቤት የሚወጣው የተለየ ነው።

ሆሄ ያልከው «ማንን ይጠራል» የሚለው ለዚህ ነው ልቤ የገባው። የካንጋው ነገር አድራሻ አለው። ባለ ጥቁሩ ቲሸርትም ቢሆን ለሰፈሩ የጻፈውን ሽሮ ሜዳ ይዞት ባይሄድ ኖሮ እኒያን ሽማግሌ ባላገኛቸው ነበር።

---

የአባቷ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

ሐቀኛ አስተያየት ስለ ባህል ማስከበር ላነሣኸው ልመልስልህ ፈልጌ ነው፤ በአክብሮት።

አባቴ በ1960 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት 21 ቀን ግቢው ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ሚኒስከርት የውጭ ባህል ነው፣ አገሪቱን መናቅ ነው ብለው ተማሪዎች ተቃወሙ። ተቃውሞው በቃል አላቆመም፤ ለማየት የመጡ ሰዎች ላይ እንቁላል ተወረወረ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ወንድማችን የጻፉትን ሳነብ ቀኑን ሰላሁት፤ ያ አሜሪካዊ ልጅ ጃኬቱን ለብሶ ከመያዙ አንድ ወር እንኳ አይሞላም።

አባቴ ይሄን ሲያነሣ ድምፁ ይቀንሳል። እሱ አልወረወርኩም ይላል፤ ቆሜ አይቻለሁ ነው የሚለው። ዓላማችን ትክክል ነበር፣ ስለ ድሃው ነበር የምንጮኸው፣ ግን እንቁላሉ ያረፈው ሴቶቹ ላይ ነው ይላል። ልብስ አስወልቁ የሚል ነገር ሲነሣ ሁልጊዜ የማስበው ይሄንን ነው። ደንብ አስከባሪው መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚያስቆመው ያንን ደንዳና ጎረምሳ አይደለም። ነጠላ የለበሱትን እናት ነው፤ እሳቸው አይመልሱለትማ።

ስድብ የተጻፈበት ልብስ እኔም አልወድም። እህቴ ለብሳ ብትመጣ አስቀይራታለሁ። ግን ቤት ውስጥ በእህትነት የሚነገር ነገርና በዱላ የሚነገር ነገር አንድ አይደለም።

---

ሐቀኛ አስተያየት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:18

የአባቷ ልጅ፣ ይሄን ታሪክ አላውቀውም ነበር። የደንብ አስከባሪውን ነገር ትቼዋለሁ። ማተሚያ ቤቶቹ ግን ኃላፊነት አለባቸው፤ በአማርኛ ብልግና አትሙልኝ የሚል ሰው ሲመጣ እምቢ ማለት ይችላሉ። ብዙዎቹ እምቢ እንደሚሉም አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ያንኑ ቃል ያትማሉ። ቃሉ ያው ነው! እንግሊዝኛ ስለሆነ ስድብነቱ ይቀራል ብለን ያመንነው ከመቼ ጀምሮ ነው?

---

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

አንድ ተሳታፊ የቲሸርት ፎቶ ለጥፎ ነበር፤ የለበሰችው ሴት ፊቷ ይታያል። አንሥተነዋል። እባካችሁ የሰው ፎቶ አትለጥፉ።

---

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:05

ነገርኳቸው።

በልጁ በኩል መልእክት ብልክ ይጨነቃል ብዬ የቤታቸውን ሰፈር ስለማውቅ ትናንት ከሥራ በኋላ ራሴ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ነበር። ሁለተኛው እስኪፈስ መናገር አቃተኝ። በመጨረሻ «እማማ፣ ያ ሮዝ ቲሸርት… የተጻፈበት ነገር ጥሩ አይደለም» አልኳቸው። «ምን ይላል?» አሉ። በግማሽ ነገርኳቸው። ስኒውን አስቀመጡትና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ የጠየቁኝ ነገር ስለ ራሳቸው አልነበረም። «ልጄ ያውቃል?» አሉ።

አልዋሸኋቸውም። «ሳያውቅ አይቀርም» አልኩ። «ለዚህ ነዋ» አሉ። ለካ በዓመቱ መጀመሪያ ያንን ቲሸርት ለብሰው ሊሸኙት ሲወጡ «እማዬ ነጠላ ልበሽበት፣ ብርድ ነው» ይላቸው ነበር። በፀሐይ። በየቀኑ። እሳቸው ልጄ አሰበልኝ ብለው ደስ ይላቸው ነበር። ይሄን ሲነግሩኝ ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ተነሥተው ጓዳ ገቡና አንድ ፌስታል ልብስ ይዘው መጡ። «በይ እስኪ እነዚህንም አንብቢልኝ።» አንድ በአንድ እያነሣሁ አነበብኩላቸው። አንዱ የሆነ የውጭ አገር ከተማ የሩጫ ውድድር ነው። አንዱ የሕፃናት የክረምት ካምፕ። አንዱ «የዓለም ምርጥ አያት» ይላል፤ እሱን ሲሰሙ ሳቁ፣ ለእናታቸው ሊሰጡት ለብቻው አስቀመጡት። አንዱ የባለቤታቸው ሸሚዝ ነው፣ የቧንቧ ሠራተኞች ድርጅት ስም። ከሰባቱ አንዱ ብቻ መጥፎ ሆነ።

ሮዙን አልጣሉትም። ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ገንዘብ ወጥቶበታል። ጽሑፉ ላይ ከአሮጌ ቀሚስ የተረፈ ጥለት እንዲሰፋበት ልብስ ሰፊ ጋ ሊወስዱት ነው።

---

ሰልባጅ ተራ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:40

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቦንዳ የሚፈታው ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነው። አጠራጣሪ የመሰለኝን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ብልክልሽ ማታ ማታ ስትመቺ ታይልኛለሽ? ሰው ሳይለብሰው፣ ልብሱን ብቻ ነው የማነሣው። መጥፎ ያልሽውን ለጥለት ሰፊዋ በርካሽ እለቅላታለሁ ወይ ለመወልወያ ይሄዳል። አጠገቤ ያሉት ሦስቱ ልጆችም ይፈልጋሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ።

---

የዘጠነኛ ክፍል መምህርት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:52

ላክልኝ። ዘጠነኛ ክፍሎቼ ቢረዱኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ይሄን ለልጆች አልሰጥም፤ እኔው አነበዋለሁ።

---

ባለ ጥቁሩ ቲሸርት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:33

እኔም ማንበብ እችላለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነፃ ነኝ። የት ጋ ነው የምትሸጡት?

---

ሰልባጅ ተራ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:41

በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። 12 ሰዓት ላይ ድረስ፤ ቁርስ በእኔ ነው።